ቁልፉ ከጎርፉ ማዶ ነበር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፤ ጭቃውን ሰንጥቃችሁ የመጣችሁ የቀወት ገበሬዎች፤ የሚልኪያስ ተማሪዎች፤ የሚልኪያስ ባለቤት፣ እህቴ ቤዛዊት፣ ፈጣሪ ያጽናሽ።

እኔ ዓይናለም ነኝ። ከሚልኪያስ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምረናል፤ እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ኬሚስትሪ። የሕይወት ታሪኩን አንብቢ ተብዬ ይህ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ተወለደ ይላል። ተማረ ይላል። አገባ ይላል። ሞተ ይላል፤ እንዴት እንደሞተ ግን አይልም። እሱን እኔ እናገራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ የመጡ አራት ማይክሮስኮፖች «ይሰበራሉ» እየተባለ ንብረት ክፍል ተቆልፎባቸው ነበር። ሚልኪያስ ለምኖ፣ ፈርሞ አንዱን አወጣ። ከማሳ ሽንኩርት አመጣ። ስሷን ልጣጭ ልጦ መስታወት ላይ ዘረጋት። ስልሳ አራት ተማሪ ተሰለፈ። ከፊት የቆመችው ሳሊሃ ነበረች፤ የሽንኩርት ገበሬ ልጅ። አየች። ቀና አለች። ደግማ አየች።

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ክፍል ክፍል ቤት እኛ ማሳ ላይ ባለው ሽንኩርት ውስጥ ነው?»

«እያንዳንዱ ክፍል ሕዋስ ይባላል» አላት። «ተመሳሳዮቹ ሲሰባሰቡ ሕብረ ሕዋስ ይሆናሉ። ሕብረ ሕዋሶቹ ተጋግዘው ሥሩን፣ ቅጠሉን ይሠራሉ። ሥርና ቅጠል ተባብረው ሙሉ ሽንኩርቱን ያቆሙታል። አንቺም እንደዚሁ ነሽ። ከአንዲት ሕዋስ እስከ ልብሽ፣ ከልብሽ እስከ ሙሉዋ ሳሊሃ።»

«አለቃቸው የቱ ነው?»

ሳቀ። «አለቃ የላቸውም። ሁሉም የየራሱን ይሠራል። አንዱ ሥራውን የተወ ቀን ሌላው ይታመማል።»

በወሩ በተማሪ ግፊያ መሣሪያው ወድቆ ሌንሱ ተሰነጠቀ። ለሚልኪያስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። የቀሩት ሦስቱ ብረት ሳጥን ውስጥ ገቡ። ያለ ኮሚቴ እንዳይከፈት ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ፈራሚዎቹ ሦስት ነበርን። ነበርን ነው ያልኩት፤ ልብ በሉ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ይከፈትልኝ» ብሎ ይጽፋል። በየዓመቱ «ይታያል» እንለዋለን።

ባለፈው ሳምንት ሚልኪያስን ትኩሳት ጣለው። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ ወደዚህ ወደ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል መሻገር አይቻልም። ያለን የመንደራችን ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ማን መሰለቻችሁ? ሳሊሃ። ግን በምን ትመርምረው? የጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ከሰኔ ጀምሮ ተበላሽቷል። ፈጣን መመርመሪያውም አልቋል። ያለ ውጤት የወባ መድኃኒት አይሰጥም ተባለ። የታይፎይድ ሰጡት።

ሳሊሃ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር ዓይናለም፣ በአላህ፣ የትምህርት ቤቱን አውጡልኝ!»

ቁልፉ ያለው በንብረት ኃላፊው ኪስ። ንብረት ኃላፊው ያለው ከጎርፉ ማዶ። ርዕሰ መምህራችን እዚሁ ቆመዋል፣ ይስሙኝ፤ «ሳጥን መስበር ያስጠይቃል፤ ውሃው እስኪጎድል እንታገሥ» አሉ። እኔስ ምን አልኩ? «እውነት ነው» አልኩ። እውነት ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ቀን! ሁለት ቀን ሙሉ ጓደኛዬ ሲቃጠል፣ እኔ ደንብ ሳከብር!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳሊሃ ድንጋይ ይዛ ትምህርት ቤት መጣች። ማንንም አልጠየቀችም። በአራት ምት የሳጥኑ ጓጉንቸር ረገፈ። አራት ምት ብቻ ነበር፣ ወገኖቼ። ድንጋይ የሚያነሳ እጅ እኔም ነበረኝ።

ከአልጋው አጠገብ ደሙን መስታወት ላይ ቀባች። ቀለም ውስጥ ነከረችው። አየች።

«ወባ ነው። ሞልቷል» አለች።

የወባውን መርፌ ወዲያው ተወጋ። ግን ኩላሊቱ ደክሞ ነበር። ሚልኪያስ «ላየው» አለ። ቤዛዊት ከኋላ ደገፈችው። ረጅም ጊዜ አየ። ያለቅሳል ብለን ጠበቅን።

«ሳሊሃ» አላት፣ «ቀለሙን አሳምረሽዋል። ሕዋሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

ትናንት ረፋዱ ላይ አረፈ። ውሃው የጎደለው ከሰዓት ነው።

ለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲባል ሰማሁ። «የእግዜር ሥራ ነው» የሚልም ነበር። እባካችሁ፣ በእግዜር አናሳብብ። እኛ ነን።

ሳሊሃ፣ ሳጥን ሰብራለች ተብሎ ክስ ሊጻፍብሽ እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ሰምቻለሁ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እናገራለሁ፤ የእኔን ስም ከስምሽ በፊት ይጻፉት።

ሚልኪያስ፣ ወንድሜ፤ ይቅር በለኝ አልልህም። እምቢ የምትልበት አፍ የለህምና፣ በግፍ ላይ ግፍ ይሆንብሃል። የቆላው አፈር አይክበድህ። ደህና ሁን።