በልክ የተሰጠ ውሃ

ሰዓት ሠሪው ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየተመላለሰ ደሙን በማሽን መታጠብ ከጀመረ ስምንት ወሩ ነበር። ነገሩ ከቤተ ዘመዱ ሁሉ ይበልጥ ያንገበገበው ታላቅ እህቱን ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ሹራብ ሠሪ ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳ ነበሩ። አዝለው፣ አጉርሰው፣ ሹራብ ሸጠው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁት። ዛሬ ጢሙ ሸብቶም ቢሆን በእሳቸው ልብ ያው የአራት ዓመት ልጅ ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በፔርሙስ ሾርባ ይዘው፣ ሙዝና ብርቱካን ገዝተው ወደ ወንድማቸው ቤት ሊያቀኑ ሲሉ፣ ከፍራፍሬ መሸጫው ደጃፍ ከወንድማቸው ሴት ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ የፋርማሲ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል።

«አክስቴ፣ ደህና አደሩ? ወደ እኛ ነው?» አለችና ከረጢቱን ተቀበለቻቸው። ወደ ውስጥ አየት አድርጋም፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ለአባዬ ነው?» አለች።

«ለሱ ነው እንጂ። ምነው፣ ፍራፍሬም ተከለከለ?»

«ሙዝና ብርቱካኑ አዎ። ሾርባውም ጨው አለው።»

እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። በሆዳቸው የከረመ ነገር ነበረና አሁን መውጫ አገኘ።

«ስሚ ልጄ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ግን ውሃ ጠማኝ ላለ ሰው ውሃ መንፈግ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የተጻፈው? ያን ሰሞን ቁራጭ በረዶ ሲመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ለእስረኛ እንኳ ውሃ ይሰጣል።»

«አልነፈግነውም አክስቴ፤ ለክተን ነው የምንሰጠው። እርስዎ ሹራብ ሲሠሩ ሳይለኩ ይጀምራሉ?»

«ሹራብና ሰው አንድ ነው?»

«አንድማ አይደለም። ሹራብ ቢበላሽ ይተረተራል።»

እትዬ በክርክር የማይሸነፉ ሴት ነበሩ፤ ሆኖም ልጅቱ ይህን ያለችው ለመርታት እንዳልሆነ ስለገባቸው፣ ክንዷን ይዘው በሱቁ ጥላ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧትና «በይ አስረጅኝ» አሏት።

«እኔና እርስዎ የምንጠጣውን ኩላሊታችን አጣርቶ ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል» አለች። «የአባዬ ሽንት ግን ከቆመ ቆይቷል። የጠጣው ሁሉ እስከሚቀጥለው እጥበት መውጫ የለውም። መጀመሪያ እግሩን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ጨው ደግሞ ጥማቱን ያባብሰዋል። ሙዝና ብርቱካን ውስጥ ፖታሺየም የሚባል ነገር አለ፤ ለእኛ ጥሩ ነው፣ በሱ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ግን ልብ እስከማቆም ይደርሳል።»

«ታዲያ እሁድ ዕለት ትንፋሽ አጥሮት በአምቡላንስ የወሰዳችሁት ከመድረቁ የተነሣ አይደለም? እኔ እንኳ ከሰዓት መጥቼ ሾርባውን ከሦስት ብርጭቆ ውሃ ጋር ባላጠጣው ኖሮ…»

ልጅቱ አቀርቅራ ነበር።

«እሁድ ሐኪሞቹ የታገሉት ሳንባው ውስጥ ከገባው ውሃ ጋር ነው አክስቴ» አለች ቀስ ብላ።

ክፉ ያደረገ ሰው ሲነገረው ይቆጣል፤ በፍቅር የጎዳ ሰው ግን የሚቆጣው አጥቶ እጁን ያያል። እትዬም ሹራብ ሲሠሩ የኖሩትን ጣቶቻቸውን አገላብጠው አዩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። አባዬ ግን ‹እትዬ ከሰማች ትሰበራለች› ብሎ አስማለኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? ብሰበር እጠገናለሁ። እሱ ቢሞትብኝስ?» አሉና ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ቤት ሲደርሱ ሰዓት ሠሪው በመስኮቱ ሥር ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ አንድ የእጅ ሰዓት ፈታትቶ ነበር። ቀና ብሎ «እትዬ፣ ዛሬስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» አላቸው።

«ምንም። ለምን እምቢ አላልከኝም?»

ወደ ልጁ አየና ገባው። መነጽሩን አውልቆ፣ «አንቺ የሰጠሽኝን መልሼ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ከየት ልልመደው?» አለ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ስታጠጪኝ በሽተኛነቴን እረሳዋለሁ።»

«እንግዲያው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆኜብህ ነበር በለኛ» አሉ እትዬ። ሰዓት ሠሪው ሳቀ፤ እሳቸው ግን ግንባሩን ስመው አለቀሱ።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ራሳቸው ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ። ሚዛን ላይ ሲወጣ አዩ፤ ማሽኑ ደሙን ሲያጥብና ትርፉን ውሃ ሲቀንስ አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሲጨርስም እንደገና ተመዘነ። ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሷል። «ይህ ሁሉ በእሱ ላይ ነበር?» ብለው ነርሷን ጠየቋት። ከምግብ ባለሙያዋም ድንች ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው እንደሚደፋ፣ ጨው በሎሚና በነጭ ሽንኩርት እንደሚተካ ተማሩ። የቀን ውሃውን ጠዋት በአንድ ጠርሙስ ለክተው ማስቀመጥ የእሳቸው ሥራ ሆነ።

ወንድማቸው አልዳነም፤ ይህን ማንም አልዋሸውም። ነገር ግን በሁለት ወር ውስጥ የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ አምቡላንስም ሁለተኛ አልተጠራም። እጥበት በሌለበት ቀን የሰዓት ማደሻ ሱቁን መክፈት ጀመረ። በእትዬ «ወንድሜን በጥማት ልትገድይው ነው» እየተባለች ስትብሰለሰል የኖረችው ሚስቱም የባሏን እህት «እህቴ» ብላ ለመጥራት በቃች። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ብቻውን ይህን ሁሉ አይሠራም፤ ቤተሰብ አንድ ልብ ሆኖ ሲለካ ነው።

በቅርቡ አንዲት የሩቅ ዘመድ ትልቅ የብርቱካን ጭማቂ ጠርሙስ ታቅፋ ልትጠይቀው መጣች። እትዬ በር ላይ ተቀበሏት።

«ጭማቂውን ለልጆችሽ መልሺው፤ ለሱ መርዝ ነው» አሏት።

«ታዲያ ባዶ እጄን ልግባ?»

«ወሬ አለሽ አይደል? እሱ አልተከለከለም።»

ሴትዮዋም ገብታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታወራው፣ ሰዓት ሠሪው ሲስቅ ቆየ።