ቁልቁለት ላይ የሚቆም ቦርሳ የሰፉት የአቶ ምናለ አዳም ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከላሊበላ፣ ከሙጃና ከአዲስ አበባ ድረስ ደክማችሁ የመጣችሁ ዘመዶችና ወዳጆች፣ እናንተም የብልባላ ጎረቤቶቻችን፤ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸውን የታላቅ ወንድሜን የአቶ ምናለ አዳምን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ታናሽ ወንድማቸው አሸናፊ አዳም ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ያስተማርሁ ሰው ብሆንም፣ ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው ለማንበብ ድምፄ እንደሚታዘዘኝ እርግጠኛ አይደለሁምና ብቋረጥ ታገሡኝ።

አቶ ምናለ ከአባታቸው ከመሪጌታ አዳም ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምእሸት ዘውገ ኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ በብልባላ ተወለዱ። አባታችን በነአኩቶ ለአብ አቋቋም ያስተምሩ የነበሩ የዜማ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ የበኩር ልጃቸው መቋሚያ ይዞ ከኋላቸው እንዲቆም ተመኝተው ገና በሰባት ዓመታቸው ፊደል አስቆጠሯቸው፤ ዳዊትም አስደገሟቸው። ወንድሜ ግን ድምፃቸው ለዜማ አልታዘዘም። በኋላም በላሊበላ ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው አዲስ አበባ ወረዱ።

በዚያ ታላቅ ከተማ የሚያውቁት ሰው አልነበረም። ያስጠጓቸው የወሎ ቆላ ሰው የነበሩት ኮርቻ ሰፊው ሐጂ ሸዕባን ናቸው። ሐጂ ሸዕባን ወንድሜን ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ስፌት ሲመለከቱ ሦስት ቀን ካዩአቸው በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ወስፌ አቀብለው፣ «ዓይንህ ከጠገበ እጅህን አስርበው፤ ግባና ተቀመጥ» አሏቸው። ወንድሜም ከእኚህ ደግ ሰው ዘንድ ስምንት ዓመት ተቀምጠው ቆዳ መቁረጥን፣ ጠፍር መሳብን፣ ዘለበት መትከልን ተማሩ።

የመሪጌታ ልጅ ቆዳ ሰፊ ሆነ የሚለው ወሬ ላስታ ሲደርስ አባታችን ለብዙ ጊዜ ከሰው ጋር አልተነጋገሩም። በ1977 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ቀን እናታችን ባረፉ ጊዜም፣ ወንድሜ ለተዝካሩ ለመምጣት ፈቃድ ቢጠይቁ አባታችን እንዳይመጡ የሚከለክል ደብዳቤ አጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ፣ «ፋቂ ሆነህ የእናትህን ድግስ አታርክስብኝ» የሚል ቃል ነበረበት። ያን ደብዳቤ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። አንድ ቃል እንኳ አለስልሼ መጻፍ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ወንድሜ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይህን አንሥተውብኝ አያውቁም።

በ1984 ዓ.ም. የሙጃ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ፍሬ ካሣ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ በ1986 ዓ.ም. ምሥጋናውን፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ መክሊትን ወለዱ። ሐጂ ሸዕባን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሱቁን የለቀቁት ለወንድሜ ነበር። ይሁንና በዚያን ጊዜ በከተማው ኮርቻ የሚፈልግ ሰው እየጠፋ ሄዶ ስለ ነበር፣ ሱቁ ሊዘጋ በተቃረበበት ወቅት ከአጥር ማዶ ካለው የጎልፍ ሜዳ የተቀደዱ ቦርሳዎች ይመጡላቸው ጀመር። የጎልፍ ቦርሳ ማለት ላላየው ሰው፣ ቁመቱ ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ አሥራ አራት የብረት ዘንግ ታጭቆበት፣ የዝናብ ልብስ፣ ጫማ፣ ኳስና ውኃ ተጨምሮበት በአንድ ማንገቻ ከትከሻ የሚንጠለጠል ዕቃ ነው። ተጫዋቹ እጁን እያወዛወዘ ሲሄድ፣ ቦርሳውን ተሸክሞ ከኋላ የሚከተለው ሌላ ሰው ነው።

ከነዚህ ተሸካሚዎች አንዱ ዛሬ በመካከላችን ያሉት አቶ መሐመድኑር ናቸው። ሃያ ዓመት ተሸክመው አንደኛው ትከሻቸው ከሌላኛው በአራት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር። ቦርሳውን በጭቃ ላይ ሲያጋድሙት፣ ሲያነሡት፣ ደግሞ ሲያጋድሙት በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ያጎነብሱ ነበር። አንድ ቀን የተቀደደ ማንገቻ ሊያሰፉ መጥተው ከበርጩማው መነሣት ስላቃታቸው፣ ወንድሜ ደግፈው ካነሧቸው በኋላ ወደ ቤት ገብተው ለባለቤታቸው፣ «ሰውየው የሚታመመው በዘንጎቹ አይደለም፤ ቦርሳው ራሱን ችሎ ስለማይቆም ነው» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ያህል አንድ ነገር ብቻ አሰቡ።

እግር ያላቸው ቦርሳዎች ከውጭ መምጣታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ለደልዳላ መሬት የተሠሩ ስለ ነበሩ በተዳፋት ላይ ይወድቃሉ፤ እግራቸውም ቶሎ ይሰበራል። ወንድሜ የመጀመሪያውን እግር ከጃንጥላ ብረት ሠሩት፤ ተጣመመ። ሁለተኛውን ከቧንቧ ሠሩት፤ ራሱ ሸክም ሆነ። ሦስተኛው ባዶውን ቆመ፤ ኪሶቹ ሲሞሉ ግን ወደ ፊት ተደፋ። ወይዘሮ ፍሬ እንደሚነግሩን፣ ያን ዕለት ምሳ ሳይበሉ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሲያስቡ ቆይተው፣ «እኛ አገር አህያ ስንጭን ከባዱን ከላይ እናደርጋለን እንዴ!» ብለው ብድግ አሉ። ስለዚህም ከባድ ዕቃ የሚገባባቸውን ኪሶች ወደ ታች አወረዷቸው፤ የዝናቡን ልብስ ከግርጌው ሸሸጉት፤ ሁለቱን እግሮች እንደ ተዳፋቱ አንዱ እንዲረዝም አንዱም እንዲያጥር አድርገው ቦርሳውን ወደ መሬት ጫን ሲያደርጉት በራሳቸው እንዲዘረጉ፣ ሲያነሡት እንዲታጠፉ አደረጓቸው፤ አንዱንም ማንገቻ ሁለት አድርገው፣ ትከሻ እንዳይቆርጥ በእጅ መዳፍ ልክ አሰፉት። ልኩ የተወሰደው ከአቶ መሐመድኑር ጀርባ ነው።

አራተኛው በ1995 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ የፈተኑት በሱቃቸው ሳይሆን በዝናብ፣ ከመንገዱ ዳር ባለው ገደላ ገደል ላይ ነበር። «ሜዳ ላይማ ሁሉም ይቆማል» ይሉ ነበር። ሞልተው ለቀቁት፤ ቆመ። አቶ መሐመድኑርም በጭቃው መካከል ሆነው፣ «ወላሂ ምናለ፣ ይኸስ ከእኔ የተሻለ ቆመ!» አሉ። ወንድሜ ያን ያህል የሳቁበትን ሌላ ቀን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ስማቸውን እዚህ የማላነሣቸው አንድ ነጋዴ፣ ውጭ አገር በብዛት አሠርቼ ከነስምህ አመጣዋለሁ ብለው ናሙናውን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። በ1998 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ ዚፑ የተበላሸበትን አዲስ ቦርሳ ይዘው ወደ ወንድሜ ሱቅ መጡ። እግሮቹ የእርሳቸው ናቸው፤ የኪሶቹ አቀማመጥ የእርሳቸው ነው፤ ከላዩ የተሰፋው ስም ግን የሌላ ነው። ቦርሳውን ገልብጠው ውስጡን ሲያዩ፣ ከታችኛው ኪስ ግርጌ አንድ የተንሻፈፈ ስፌት አገኙ። ይህን ስፌት እርሳቸው ያደረጉት በናሙናው ጊዜ ቆዳ በአንድ ጣት አጥሯቸው ሁለት ቁራጭ ስላገናኙ ነበር። እነዚያ ግን ሙሉ ሸራ እያላቸው፣ ለምን እንደ ተደረገ ሳይጠይቁ፣ እንዳለ ገልብጠውት ኖሯል። ወንድሜ ዚፑን ጠግነው፣ ቦርሳውን አራግፈው ለባለቤቱ መለሱላቸው። ወይዘሮ ፍሬ ለምን ዝም እንዳሉ ቢጠይቋቸው፣ «ስህተቴን እንኳ አልተዉልኝም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የጎልፍ ቦርሳ አልሰፉም።

በ1999 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ላሊበላ ገቡና ወደ ሆቴሎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆዳ ሥራ ቤት ከፈቱ። ለእንግዶች የጀርባ ቦርሳ፣ ለአስጎብኚዎች የወገብ ኪስ ሰፍተው ኖሩ። ቀሳውስትና መዘምራን ለበዓል ከደብር ወደ ደብር ሲሄዱ መቋሚያቸውን በገመድ አስረው ስለሚሸከሙ፣ የመቋሚያው ራስ እየተሰበረ ማስቸገሩን ባዩ ጊዜ፣ ለመቋሚያና ለጸናጽል የሚሆን፣ በዐለት ላይም በዳገትም ላይ የሚቆም ማኅደር ሠሩ። የመጀመሪያውን ለአባታችን ደቀ መዛሙርት በስጦታ ወሰዱ። አባታችን ግን፣ «ለኳስ ዱላ የተፈጠረ ከረጢት መቋሚያ አይገባበትም» ብለው መለሱት። ሌሎች ደብሮች ወስደው እስካሁን ይገለገሉበታል። አባታችን ዓይናቸው ጠፍቶ በ2009 ዓ.ም. ወደ ወንድሜ ቤት ገብተው ሲኖሩ እንኳ፣ የቆዳው ሽታ እንዳይደርሳቸው የሥራ ቤቱ በር እንዲዘጋ ያዝዙ ነበር፤ ወንድሜም ይዘጉት ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሽታው መጣ፤ እንግዳው ቀረ። ቀጥሎም ጦርነቱ መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማው መድኃኒት ባጣ ጊዜ፣ በአስጎብኚነት ይተዳደር የነበረው የሃያ ሰባት ዓመቱ ምሥጋናው ለአያቱ የልብ መድኃኒት ፈልጎ ሊያመጣ በእግሩ ወጣ። አልተመለሰም። አንድ ወር ጠበቁት። በመስከረም መጨረሻ ወንድሜ ሥራ ቤታቸውን ከፍተው፣ ያን የወደቀውን ሦስተኛውን የጎልፍ ቦርሳ ከመጋዘን አውጥተው ቀደዱት። ከማንገቻው፣ ከእግሮቹ፣ ከጀርባው ፍራሽና ከወይራ እንጨት መቀመጫ ሠርተው፣ የሰማንያ ሰባት ዓመት አባታቸውን አዝለው፣ ወይዘሮ ፍሬንና መክሊትን አስከትለው ወደ ብልባላ መንገድ ጀመሩ።

እኔ ወሬው ደርሶኝ በሁለተኛው ቀን ከመንገድ ተቀበልኋቸው። ሊያርፉ ሲፈልጉ አባታችንን መሬት አያወርዷቸውም ነበር፤ ጎንበስ ሲሉ የመቀመጫው እግሮች ተዘርግተው በተዳፋቱ ላይ ይቆማል፤ ሽማግሌውም ሳይናወጡ እንደ ተቀመጡ ይቆያሉ። አንድ ቦታ ላይ እንዲህ አርፈን ሳለ አባታችን፣ «ትከሻህን አይቆርጥህም?» አሉ። ወንድሜም፣ «አይቆርጠኝም አባባ፤ ሰፊ አድርጌ ነው የሰፋሁት» አሉ። አባታችን ጣታቸውን ሰደው የማንገቻውን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ወንድሜም ጠበቁ። አባታችን ግን፣ «እንሂድ፣ ይመሻል» ብቻ አሉ።

መሪጌታ አዳም በግንቦት 2014 ዓ.ም. በዚህ ቀበሌ አረፉ። ወንድሜ የጠበቁት ቃል ከአባታችን አንደበት ሳይወጣ ቀረ። ወንድሜ ወደ ላሊበላ ሲመለሱም የስፌት መኪናው አልነበረም፤ በሩም አልነበረም። በእጃቸው እየሰፉ፣ የልጃቸውን ፎቶግራፍ በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ የሰሙትን ወሬ ሁሉ እየተከተሉ ሁለት ዓመት ያህል ከከተማ ወደ ከተማ ዞሩ። አየሁት የሚል ብዙ ሰው አገኙ። አንዱም እውነት አልሆነም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትንፋሽ እያጠራቸው ሄዶ፣ አዲስ አበባ ተወስደው ሲመረመሩ ለዓመታት የተነፈሱት የማጣበቂያና የቀለም ሽታ ሳንባቸውን እንደ ጎዳው ሐኪሞች ነገሯቸው። አገሬ ውሰዱኝ ብለው ወደዚህ ተመልሰው፣ በልጃቸው በመክሊትና በባለቤታቸው እጅ ሲታገዙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ትናንት ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ «አሸናፊ፣ ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ ብላቸው፣ እጄን ይዘው፣ «ስማኝ፤ ልጄን ከየትኛው ወገን ልትጽፈው ነው?» አሉኝ። «ሬሳውን አላየሁም። ያልቀበርሁትን ልጅ ሙት ብለህ ከጎኔ አታስተኛው። ከቀሩት ጋር ጻፈው» አሉኝ። ያን የእናታችንን ተዝካር ደብዳቤ በጻፈው በዚሁ እጄ፣ እንዳሉኝ ጽፌያለሁ።

ስለዚህ አቶ ምናለ አዳም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፍሬ ካሣን፣ እህታቸውን ወይዘሮ አመተ ሥላሴ አዳምን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ማኅሌትን፣ እንደ ወንድም የኖሩትን አቶ መሐመድኑርን፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን መክሊት ምናለንና ምሥጋናው ምናለን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

የደከመውን ትከሻ የምታውቅ ጌታ ሆይ፣ የባሪያህን የምናለን ነፍስ ሸክም በሌለበት በቅዱሳንህ ማደሪያ አስቀምጥልን፤ በዚህ ለቆምነው ጽናቱን ስጠን። ምሥጋናውንም፣ አንተ ባለበት ከሆነ ከአባቱ ጋር አገናኘው፤ እኛ ባለንበት ከሆነ ደግሞ የቤቱን መንገድ አሳየው፤ ዛሬ ለአባቱ ቀብር አለመድረሱን አትቁጠርበት። አሜን።