በነጠላ የተጠቀለለው እርካብ

አባቶቼ ካህናት፣ የእንጅባራ ጎረቤቶቻችን፣ ከዳንግላና ከጥሊሊ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ የሟቿ ልጅ ማናየሽ፤ ጥቂት አድምጡኝ። ይኸነው እባላለሁ። ከወይዘሮ ውብአየሁ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት አፍሬ ነው። ምክንያቱን ትሰማላችሁ።

እትዬ ውብአየሁ አሮጌ ዕቃ ይወዱ ነበር። ይህን የማያውቅ አለ? በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረን እንሄዳለን። ሰው እህልና በርበሬ ሲሸምት እኛ የድሮ ሱቆችን ጓዳ፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ቁራጭ ብረት ስንበረብር እንውላለን። የቀንድ ዋንጫ፣ መስታወቱ የተሰበረ ፋኖስ፣ የፈረስ ልጓም። እሳቸው ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት "የማን ነበር?" ይላሉ። ባለ ዕቃው ማውራት ይጀምራል። እኛ ቁጭ ብለን እንሰማለን። እንዲህ ያለ ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ጥሊሊ፣ አንዲት ሴት ሱቅ ደጃፍ፣ ዶሮዎች ከእንጨት ገበታ ላይ ጥሬ ይለቅማሉ። ገበታው ጠርዙ በቢላ የተቀረጸ፣ ያረጀ ነው። እኔ ቶሎ ይግዙት ብዬ ክንዳቸውን ነካሁ። እሳቸው የማን እንደነበር ጠየቁ። ሴትዮዋ የባሏ አባት ለሠርጓ በገዛ እጃቸው የጠረቡት መሆኑን ስትናገር እንባዋ መጣ። እትዬ ውብአየሁም "እንግዲያው አይሸጥም። አጥበሽ አስገቢው" አሏት። ባዶ እጃችንን ተመለስን። እሳቸው ግን እንደ ገዛ ሰው ደስ ብሏቸው ነበር።

እኒህን ሴት ነው እኔ በሌብነት ያስጠረጠርኩት።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ዳንግላ ገበያ ውስጥ ተለያይተን ስንፈልግ ቆየን። ስንገናኝ በነጠላቸው የጠቀለሉት ነገር ይዘዋል። ነሐስ ብልጭ ሲል አየሁ። ያሳዩኝ ብል "ቤት ሄጄ ላጽዳው፤ ያኔ ታየዋለህ" አሉኝ። እኔ ያን ቀን ምንም አላገኘሁም ነበር። ቀናሁ።

በዚያው ሳምንት ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የነሐስ መስቀል ጠፋ ተባለ። ሽማግሌዎች ሲጠያይቁ እኔም ጋ ደረሱ። ወይዘሮ ውብአየሁ ነሐስ ጠቅልለው አይቻለሁ አልኩ። ሌባ ናቸው አላልኩም። ማለትም አላስፈለገኝም።

ቤታቸው ሲፈተሽ ብዙዎቻችሁ አጥሩ ጋ ቆማችሁ ነበር። ታስታውሳላችሁ? ራሳቸው ሣጥን እየከፈቱ ዕቃቸውን ግቢው ላይ ደረደሩ። ፈታሾቹ ሊወጡ ሲሉ "አልጋዬ ሥር አላያችሁም፤ እዩ" አሏቸው። ነሐሱ የፈረስ እርካብ ነበር። መስቀሉም በአሥረኛው ቀን እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከሣጥን ኋላ ወድቆ ተገኘ። ይቅርታ ሊጠይቃቸው የሄደ ግን ማን ነበር? እኔ አልሄድኩም።

መስቀሉ ከተገኘ ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ደወሉልኝ። ጥሊሊ እንሂድ አሉኝ። ሄድን። ስንመለስ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ድንገት "የጠቆመው ሰውዬ አሁን እንዴት ሆኖ ይሆን? አሳዘነኝ" አሉ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያውቁ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ታመው ሦስት ወር ተኙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ገበያ ያየሁትን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። ዕቃውን፣ ሻጩን፣ የተባለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ያን አንዱን ግን ዛሬ ደክሟቸዋል፣ ነገ ይሻላል እያልኩ አሳለፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ማናየሽ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ስትለምነኝ፣ አላስችል ብሎኝ ነገርኳት። እሷም "እናቴ የተፈተሸችው ሰው ፊት ነው። እርስዎም ሰው ፊት ይናገሩ" አለችኝ።

ይኸው ተናገርኩ። ያን ቀን አጥሩ ጋ ቆማችሁ እሳቸውን የጠረጠራችሁ ሁሉ፣ ጥርጣሬው የወጣው ከእኔ አፍ ነው። የእሳቸው እጅ ንጹሕ ነበር። ማናየሽ፣ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ፊት የለኝም።

እትዬ ውብአየሁ፣ ለመናገር አራት ዓመት ነበረኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን የተመለስንበት መንገድ ሁሉ ነበረኝ። ዛሬ ካህናቱ ሰሙ፣ ልጅዎ ሰማች፣ ጎረቤትዎ ሁሉ ሰማ። እርስዎ ብቻ ቀሩ።

ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።