አንዴ የተለቀሰለት ሰው

(ጉለሌ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፤ የእድሩ ዳኛ ጋሼ በሻህውረድ የጎረቤታቸውን የማንያዘዋልን ስም ከአባላት መዝገብ ላይ ገና አሁን በቀይ ሰርዘዋል፤ እሱም ፊታቸው ቆሞ ይጮኻል።)

ማንያዘዋል፦ በቁሜ ይሰርዙኛል? በቁሜ!

በሻህውረድ፦ የምን ቁም? ባለፈው ወር አልቅሰንልህ የለም እንዴ! እድር ለአንድ ሰው ሁለቴ ድንኳን አይተክልም።

ማንያዘዋል፦ ፊልም ነው እኮ ጋሼ! የዓመቱ፣ ምን የዓመቱ፣ የመቶ ዓመቱ አስፈሪ ፊልም! በአርባዬ ከመቃብር እነሳና በየበሩ «ለቀብሬ ማን ቀረ?» እያልኩ አንኳኳለሁ። ለሙከራ ሲታይ ሠላሳ ሰው ራሱን ስቶ በአምቡላንስ ነው የሄደው።

በሻህውረድ፦ አንዲት ሰው ናት። እሷም አክስትህ፤ ስኳሯ ወርዶ።

ማንያዘዋል፦ በምን ወረደና!

በሻህውረድ፦ ዝም በል! ጥሩንባ ነፊውን «ካሜራ ፊት አንዴ ንፋልኝ» አልከው። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን ዞሮ «ማንያዘዋል አረፈ» ብሎ ለፈፈ። ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ግቢህ ሲደርስ ድንኳን አለ፣ ሳጥን አለ፣ ካሜራ አለ። በዛሬ ጊዜ ካሜራ የሌለው ለቅሶ የት አለና ይጠርጥር?

ማንያዘዋል፦ ጥፋቱ የጥሩንባ ነፊው ነው። ለቅሶው ግን ለቅሶ ነበር! አራት ሺህ ሰው ነው የወጣው!

በሻህውረድ፦ ለቀባሪው አረዱት! መቶ ሃያ ነው፤ ንፍሮውን ያስቀቀልኩት እኔ።

ማንያዘዋል፦ ሳጥን ውስጥ ሆኜ አራት ሺህ መሰለኛ።

በሻህውረድ፦ ለመሆኑ… ሳጥን ውስጥ ድምፅ ይሰማል?

ማንያዘዋል፦ ምን ይሰማል! ጆሮዬን በጥጥ ጠቅጥቀውታል። ምነው?

በሻህውረድ፦ እንዲያው ነው።

ማንያዘዋል፦ ዳይሬክተሩ ሳጥኑን ሲመታ ብድግ አልኩ። እርስዎ እኮ ጋሼ፣ ሦስት ሜትር አጥር ዘለው ነው የሸሹት!

በሻህውረድ፦ በበሩ ነው የወጣሁት! አጥሩን ምን አመጣው? አጥር አጥር አትበልብኝ!

ማንያዘዋል፦ ኧረ እኔ ስለ አጥር ምን ወጣኝ?

በሻህውረድ፦ ለዚህ ሰው ሞት አነሰው! በሞት መቀለድ ጋኔን መጥራት ነው። ለአባላት ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ያንን ፊልም ያየ እንዳንተው ይሰረዛል።

ማንያዘዋል፦ ሳያዩት ፈረዱበት?

በሻህውረድ፦ ምኑ ይታያል? አንተ ዱቄት ተለውሰህ? ያለ ዱቄትም በየቀኑ ታስፈራለህ።

ማንያዘዋል፦ እሺ፣ እኔን ይሰርዙኝ። እማዬስ? አልጋ ከያዘች ከረመች፣ ዘጠና አምስት ዓመቷ ነው…

በሻህውረድ፦ ሰማንያ አንድ ናቸው።

ማንያዘዋል፦ ይሁን፣ ሰማንያ አንድ! ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ድንኳን ይተክልላታል? ማን ይሸከማታል? አርባ ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ጭስ የበላት ሴት ናት። ይኼን እንኳ አላጋነንኩም፣ ጋሼ።

በሻህውረድ፦ እሱን ጥሩንባ ሳታስነፋ በፊት ነበር ማሰብ። በመዝገብ ተሰርዟል፤ አለቀ።

ማንያዘዋል፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

በሻህውረድ፦ ሞኝ አልከኝ? እኔን?

ማንያዘዋል፦ ተረቱ ነው ያለው። እንግዲህ ፊልሙ መታየት የሚገባው ይሁን አይሁን፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና እርስዎው ይፍረዱ። ጥጡ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ማይኩ ግን ደረቴ ላይ።

በሻህውረድ፦ የምን ማይክ?

ማንያዘዋል፦ ባቄላ የምታክል፣ ከከፈኑ ሥር። እርስዎ ሳጥኑ ላይ ተደፍተው ያንሾካሾኩትን ልቅም አድርጋ ይዛዋለች። «ማኔ ወንድሜ፣ አጥሩን አምስት ክንድ ወዳንተ የገፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰማይ ቤት እንዳትከሰኝ» ያሉትን።

በሻህውረድ፦ አንድ ክንድ ነው ያልኩት!

ማንያዘዋል፦ አዩ? ፊልሙን ሳያዩት በቃልዎ ያውቁታል። ዳይሬክተሩ «አንተ ከመቃብር ስትነሳ ሰው ይስቃል፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ፀጉሩ ይቆማል» ብሏል።

በሻህውረድ፦ ይኼን… ሰው ይሰማዋል?

ማንያዘዋል፦ እሁድ ይጀምራል። እርስዎ «ማንም እንዳያይ» ካሉ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ትኬት ቆርጧል።

በሻህውረድ፦ በሙሉ? ስታጋንን ነው አይደል? ማኔ፣ እያጋነንክ ነው በለኝ።

ማንያዘዋል፦ ባለቤትዎ እትዬ ጥሩአየር ሁለት ነው የቆረጡት። አንዱ የእርስዎ ነው።

በሻህውረድ፦ እንካ እስክሪብቶውን። ስምህን ራስህ መልሰህ ጻፈው፤ እኔ አካፋ ልፈልግ።