ለሰማዳ ጭጋግ የተመረጠው ጂፒኤስ

ከሰማዳዋ ወገዳ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ነርስና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ለብስክሌቴ ጂፒኤስ ልገዛ ነው፤ ክትባት የማደርሰው በብስክሌቱ ነው።»

«ስልክሽ አይመራሽም?»

«ባለፈው ክረምት ገደል አፋፍ ላይ ባትሪው አለቀብኝ። ጭጋጉ እስኪገለጥ ስጠብቅ ክትባቱ ተበላሸ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁኝ ውለው ተመለሱ።»

«ይኼኛውስ?»

«ባትሪው ውሎ ያድራል፣ ኔትወርክም አይፈልግም። ሻጩ ስክሪኑ በጣት የሚነካውን ግዢ አለኝ፤ እሱ ዝናብ ሲነካው ስለማይታዘዝ ባለ ቁልፉን መረጥኩ።»

«ልጄ፣ ያ ቁልቁለት የሴት አይደለም። ወንዶቹ ይሂዱ።»

«አባባ፣ ወንዶቹ እምቢ ስላሉ ነው እኔ የምሄደው።»

«ብትወድቂስ?»

«ወድቄ አውቃለሁ። ተነሥቼ ሄድኩ።»

ከሰማዳ ወደ ከተማ እንዲያዛውሩኝ ጽፌ ደብረ ታቦር ላስገባው በእጄ የያዝኩትን ማመልከቻ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።