ሁለት እንጀራ ለንቦቹ

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ማንኪራ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት አድርሼ በእግሬ ወደ ቦንጋ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የካፋን ዝናብ የሚያውቅ ሰው አይከራከረውም፤ ሮጬ አንድ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር ገባሁ። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ተጠልለዋል። አንደኛው ጋሽ ባፈና ናቸው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ በመስቀል የታወቁ፣ ጎረቤት ሁሉ ነገር ሲቸግረው ምን አሉ ብሎ የሚጠይቃቸው ሽማግሌ። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ሔርሜላ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ቦንጋ ኮሌጅ ትማራለች።

ልጅቷ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ በስብሳ ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ ባፈና ደግሞ አንድ አዲስ የዝናብ ካፖርት አጣጥፈው ታቅፈዋል።

"ጋሽ ባፈና፣ ልጅቷን ብርድ ሊገድላት ነው እኮ። ካፖርቱ የማን ነው?" አልኳቸው።

"ለእሷ ያመጣሁት ነው መምህር፤ አልለብስም አለች። እስቲ እርስዎ ይዳኙን" አሉኝ። እስካሁን በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ይጨቃጨቁ የነበሩት ሁለቱ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

ሔርሜላ በትሕትና አንገቷን ደፋ አድርጋ ጀመረች። "መምህር፣ ይህን ካፖርት የሸለማቸው ማር ገዥው ካምፓኒ ነው። አምና ማስታወቂያ አወጣ፤ ቀፎውን አንጠፍጥፎ ላመጣ ሰው ካፖርት እሰጣለሁ አለ። በእኛ ዘንድ ግን ማር የሚቆርጥ ሰው ከእያንዳንዱ ቀፎ ሁለት የማር እንጀራ ለንቦቹ ይተዋል። ክረምቱን የሚሻገሩበት ነው። አምና ግን ያንን ለንቦቹ ያስቀረ ሰው የለም።"

"ዘንድሮስ?"

ጋሽ ባፈና ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። የመለሰችልኝ እሷ ናት። "ከአጎቴ አሥራ ሁለት ቀፎዎች ሰባቱ ባዷቸውን ተንጠልጥለዋል። ዛሬ ደግሞ ቦንጋ ላይ ስብሰባ አለ። ካምፓኒው እንደ አምናው አንጠፍጥፋችሁ ታመጣላችሁ የሚል ውል ሊያስፈርም ነው። አጎቴ ከፈረሙ ሠላሳው የመንደራችን አባወራ ይፈርማል።"

"ንብ ትሄዳለች፣ ንብ ትመጣለች" አሉ ሽማግሌው። "ካምፓኒው ሳይመጣ በፊት ጠጅ ጣዮች በፈለጉት ዋጋ ይወስዱት ነበር። የቤቴ ቆርቆሮ ከዚያ ማር ነው። የአንቺ ደብተር፣ የአንቺ ጫማ ከዚያ ማር ነው።"

"አውቃለሁ አጎቴ። እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።"

"እንግዲያው ጫማሽንም አውልቂዋ" አሉ ቀልደው።

ልጅቷ የእውነት ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን መፍታት ጀመረች። ጋሽ ባፈና ደንግጠው እጇን ያዙ። እኔም ሳቄን ዋጥ አደረግሁ፤ እሷ ግን የምትቀልድ አልነበረችም። ወጣት ሰው ኅሊናው ሲወቅሰው ያለውን ሁሉ ጥሎ ንጹሕ መሆን ያምረዋል። ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን በባዶ እግር መሄድ ቀፎ አይሞላም።

"ስሚኝ ልጄ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ካምፓኒ ማለት አዲስ አበባ ያለ ፎቅ ነው። አንቺ ብትበሰብሺ እሱን አይበርደውም።"

"ዛፍ ላይ የወጣው ግን ፎቁ አይደለም አጎቴ፤ እርስዎ ነዎት።"

"እኔን ያማለለኝ ማስታወቂያው ነው። መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቀበሌው ጸሐፊ ነው ያነበበልኝ። 'አባቶቻችሁ ጫካውን ያቆዩላችሁ ለዛሬ ቀን ነው፤ አንድ ጠብታ አታስቀሩ' ይላል። የሞተው አባቴ የሚያናግረኝ ነበር የመሰለኝ። የጻፈው ሰው የእኛን ልብ ጠንቅቆ ያውቃል።"

ሔርሜላ የጫማዋን ማሰሪያ መልሳ አሰረች። ከዚያ፣ "የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች።

ወደ አጎቷ ዞራ ቀጠለች።

"አምና በዕረፍቴ ካምፓኒው ቢሮ ስሠራ ኃላፊው ጠራኝ። የሕዝብሽን አነጋገር ታውቂያለሽ፣ ደስ በሚላቸው ቃል ጻፊው አለኝ። ጻፍኩ፤ ኮራሁበትም። ባዶ ቀፎ ሳይ ግን 'ካምፓኒው ስግብግብ ነው' እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። ኮሌጅ ውስጥ ንግግር አድርጌበት ተጨብጭቦልኛል። የእኔን ድርሻ ግን እስከዚች ሰዓት ለማንም አልተናገርኩም።"

ጋሽ ባፈና ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ካፖርቱን ዘርግተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና አጠገቧ ተቀመጡ።

"አንቺ ብትጽፊውም ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ልቆርጥ ስል አባቴ ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። ከዚያ አንቺ ያለ ካፖርት ዝናብ ላይ ስትሄጂ ታየሽኝ። ቆረጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።"

ልጅቷ አለቀሰች። የእኔም ዓይን ደረቅ አልነበረም፤ ምን ያሳፍራል።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው፣ "ባልፈርምስ ምን ልንሆን ነው? ካምፓኒው ሌላ ወረዳ ይሄዳል" አሉ።

"መሸጡ አይቅር አጎቴ። ሁለቱ እንጀራ ለንቦቹ ይቀራል የሚል ቃል ውሉ ላይ ይግባ። እምቢ ካሉ የማር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አለ። ማኅበሩ ማራችንን ቶሎ ላይገዛ ይችላል፤ አንጠፍጥፉ ግን አይልም። ዛሬ እንደ አምናው ከፈረሙ የቀሩት የአምስቱ ቀፎ ንቦችም ይሄዳሉ፣ የጎረቤቱም ይሄዳል።"

ጋሽ ባፈና ወደ እኔ አዩ። "እውነቷን ነው ጋሽ ባፈና" አልኳቸው።

"እንግዲያው ካፖርቱን በደንብ ልበሺው" አሏት። "መበስበስሽ ለንብ አይረባም። ውሉ ላይ የሚገባውንም ቃል ጻፊ፤ የዛሬውን ግን መጀመሪያ ለእኔ አንብቢልኝ።"

አብሬያቸው ስብሰባው ድረስ ሄድኩ። የካምፓኒው ተወካይ ውሉን አንብቦ እንደጨረሰ ጋሽ ባፈና ተነሡና "እኔ አምና አጥፍቻለሁ" ብለው ጀመሩ። ሁለቱን እንጀራ እንደቆረጡ፣ ሰባት ቀፎ ባዶ እንደቀረባቸው በአደባባይ ተናገሩ። ቀጥላ ሔርሜላ ማስታወቂያውን ማን እንደጻፈው ተናገረች፤ ከኋላ የተሳደበም ነበር። ሳትቀመጥ፣ ውሉ ላይ ይግባ ብላ የጻፈችውን ቃል አነበበች። ተወካዩ በቅድመ ሁኔታ አንገዛም አለ። መጀመሪያ ወለተሥላሴ የተባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት "እንግዲያው እኔም አልሸጥም" ብለው ወጡ። ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙ ሳይፈርሙ ወጡ፤ አሥራ አንዱ ፈረሙ።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። ማኅበሩ ገንዘብ እስኪያገኝ ማሩ ቤት ውስጥ የቆየባቸው ነበሩ፣ ያማረሩም ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ግን ከጋሽ ባፈና ባዶ ቀፎዎች አራቱ ንብ ገባባቸው። ንቡ ሲበረክት ማሩም በረከተ፤ አበባ የሚጎበኝ ንብ ስለበዛ የቡናው ፍሬም ተሻለ። ከፈረሙት ውስጥ ስምንቱ ወደ ማኅበሩ መጡ። ጋሽ ባፈና ዛሬ ለወጣት ቀፎ ሰቃይ ሁሉ የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ንቡ ለከርሞ ካልኖረ ማር የለም፣ የሌላው ስግብግብነት የሚሠራው ደግሞ በእኛ እጅ ነውና እጃችንን እንጠብቅ ይላሉ። ሔርሜላም አስተማሪ ሆና ተማሪዎቿን ስታስጠነቅቅ ከራሷ ጥፋት ትጀምራለች።

ማኅበሩ ማሩን መሸጥ በጀመረ ሰሞን ከዚያ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አፀደ ዋጋውን ስትሰማ ተገረመች። እኛ ቤት ለዓመታት የሚገባው ማር ከዚያ ካምፓኒ ሱቅ የሚሸጠው ርካሹ ነበር።

"ምነው ይሄኛው ተወደደ?" አለችኝ።

"ለንቦቹ ድርሻቸውን ስለተዉላቸው ነው" አልኳት።

ማንኪያውን ይዛ ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው እስከዛሬ ረከሰ ብለን ስንበላ የኖርነው የእነማንን ድርሻ ነበር?" አለችኝ።