ሰማው የጀመረው አፕዴት

ክቡራትና ክቡራን፤

እትዬ ውበቴ፣ አይሳቁብኝ። እኛ ትምህርት ቤት ንግግር የሚጀመረው እንዲህ ነው። ጋሽ አካለ ወልድ፣ በገበያ ቀን የኮምፒውተር ቤትዎን ዘግተው፣ ዳቦና ለስላሳ አቅርበው ስለሸኙኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቢቸና ውስጥ በገበያ ቀን የሚዘጋ ሱቅ አይቼ አላውቅም።

ከትምህርት መልስ እዚህ የሠራሁት በወንድሜ በሰማው ቦታ ነው። ነገ ሞጣ፣ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ። የተከራየናት ክፍል ለሁለታችን ትጠበን ነበር። አሁን ለአንድ ሰው እንዴት እንዲህ ትሰፋለች?

አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ የሰማውን ደንብ ታውቃላችሁ። አፕዴቱ ሳይጫን ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ጭኖ እስኪጨርስም አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። መብራት በመሀል ቢሄድ ማሽኑ ይበላሻላ! በእኛ ኔትወርክ ደግሞ፣ አብሮን የሚሠራው ፋንታ እንደሚለው፣ ጤፍ ዘርቶ እንደመጠበቅ ነው።

መሪጌታ ሣህለ ማርያም ከጉንደ ወይን መጥተው ላፕቶፕ የገዙ ዕለት ትዝ ይላችኋል?

«አዲስ ነው ብላችሁ ሸጣችሁልኝ። አዲስ ነገር ደግሞ ምን ይታደሳል?» አሉ።

«መሪጌታ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃንም ክትባት ይወጋል» አለ ሰማው።

«ታዲያ ይኼ ሕፃን መቼ ነው የሚጨርስ?»

«ኔትወርኩ ሲፈቅድ።»

«እኔ ካንተ እንጂ ከኔትወርክ አልገዛሁም!»

አኩርፈው ሄዱ። በማግሥቱ ሰማው አፕዴቱን አስጀመረና የተበላሸ ፕሪንተር ሊጠግን ወደ ሞጣ ተነሣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «እስክመለስ እንዳታጠፉት። ‹ሪስታርት ላድርግ፣ ጠፍቼ ልነሣ› ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ‹በኋላ› በሉት፤ እኔው እጨርሰዋለሁ» አለ።

የተሳፈረበት መኪና ሞጣ አልደረሰም።

ከሐዘኑ ቤት ወጥቼ እዚህ ስመጣ ላፕቶፑ እንደበራ አገኘሁት። «‹ሪስታርት ላድርግ› ባለ ቁጥር፣ ‹በኋላ› እያልነው ነው» አለኝ ፋንታ። መብራት ሲጠፋ ለአንዲት ላፕቶፕ ጀነሬተር ታስነሡ ነበር። ስለ ቤንዚን ሁልጊዜ የሚያጉረመርሙት ጋሽ አካለ ወልድ አንድ ቀን እንኳ «አጥፉት» አላሉም። መሪጌታም ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ዕቃቸውን አላነሡም። እትዬ ውበቴ ሲጠይቋቸው፣ «ወንድሙ ይጨርሰው። እኔ እስከዚያው ብራናና ቀለም አለኝ» ብለው ሄዱ።

እኔም እስከ ዛሬ «በኋላ» እያልኩት ቆየሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሪስታርት ካደረገ ሰማው የጀመረው ሥራ ያልቃል። ከእሱ እጅ የቀረኝ፣ ገና ያላለቀ ነገር ደግሞ ይኼ ብቻ ነው።

ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ይባላል፤ እናንተም አልተዋችሁኝም። ፋንታ ሊያጫውተኝ መጥቶ ቀልዱን ይረሳው ነበር። ዝም ብላችሁ እየተፈራረቃችሁ አጠገቤ ስትቀመጡ፣ እኔ ራሴ አፕዴት የምጭን እመስል ነበር። እናንተ ስትሄዱ ግን ቤቱ ይበልጥ ዝም ይላል። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም።

ነገ የምሄድበት መንገድ ሰማው የሄደበት ነው። እፈራዋለሁ። መኪናው ግን በጉንደ ወይን ያልፋል። ስለዚህ ትናንት ለመሪጌታ ደወልኩላቸው። «ነገ ወዲያ መናኸሪያ ይጠብቁኝ፤ ላፕቶፕዎን ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው።

«ሕፃኑ ክትባቱን ጨረሰ?» አሉኝ።

«ሳይጨርስ አላመጣውም።»

ላፕቶፑ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ጋሽ አካለ ወልድ፣ ቤትዎ ሰው አይጉደልበት። እትዬ ውበቴ፣ ልጆችዎ ለቁም ነገር ይብቁልዎ። ፋንታ፣ ለሠርግህ ያድርሰኝ፤ ቀልድህን ግን እስከዚያ አስታውስ። ከቤታችሁ መንገድ የወጣ ሰው ሁሉ በሰላም ይመለስላችሁ።

አሁን ላፕቶፑን «እሺ፣ ሪስታርት አድርግ» ልለው ነው። ፋንታ፣ ጀነሬተሩ አጠገብ ሁንልኝ። እስኪጨርስ ድረስ ማንም እንዳይሄድ፤ ደንቡን ታውቃላችሁ።

ይኸው፣ ነካሁት። ቀረብ በሉ።